ጭዱ የሸፈነው ቀይ መብራት

ህዳር አጋማሽ ላይ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አስፋልት ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ይበዛበታል። ቀኑን ሙሉ አውድማ ላይ የዋለው ጤፍና ስንዴ ወደ መጋዘን፣ ጭዱም ወደ ገዥው ግቢ የሚጓዘው በአብዛኛው በዚህ ሰዓት ነው። ከሉማሜ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የጠጠር መንገድ አንድ ቀይ ትራክተር ተሳቢውን እየጎተተ መጥቶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ተሳቢው ላይ ከታች የጤፍ ኩንታሎች ተደርድረዋል፤ ከላያቸው ጭድ ተቆልሎ በገመድ ታስሯል። ጭዱ ከተሳቢው የኋላ በር አልፎ እንደ ሣር ቤት ክፈፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከአናቱ ላይ ሁለት የቀን ሠራተኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

ትራክተሩን የሚያሽከረክሩት ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው። አስፋልቱን ከመያዛቸው በፊት ረዳታቸው ወርዶ ከኋላ እንዲመለከት አዘዙት። ወጣቱ ከተሳቢው ጀርባ 30 እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ባለቤቱ ፍሬን ያዙ። ወጣቱ ዝም አለ። ደግመው ያዙ። እጁን ወደ ላይ አንስቶ አወዛወዘ፤ የበራ ነገር የለም ማለቱ ነው።

አምፖሎቹ ግን አልተቃጠሉም። ረዳቱ ቀርቦ የተንጠለጠለውን ጭድ በእጁ ገለጥ ሲያደርገው ሁለቱም ቀይ መብራቶች እንደ ረመጥ ደምቀው ታዩ።

የትራክተሩ ባለቤት እንደሚናገሩት በዚህ መንገድ ሲመላለሱ መብራታቸው እንደሚሠራ ተጠራጥረው አያውቁም ነበር። ጠዋት ጠዋት ባዶውን ተሳቢ ሲፈትሹት ይበራልና። ጭነው ለመፈተሽ ያሰቡት ከሳምንት በፊት አንድ የጭነት መኪና ከኋላቸው በፍጥነት ደርሶ፣ ጎማው እየጮኸ በግራቸው ጥሷቸው ካለፈ በኋላ ነው። ሾፌሩ ወደ ፊት ሄዶ ቆሞ ጠበቃቸው። ሊሳደብ መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ መብራት እንደሌላቸው ብቻ ነግሯቸው ሄደ። መብራት አለኝ ብለው እንደመለሱለት ያስታውሳሉ።

ያን ምሽት ጭነቱን ይዘው አስፋልት አልወጡም። ትራክተሩን ወደ ኋላ መልሰው አደሩና ጉዟቸውን በማግስቱ በብርሃን አደረጉ።

የችግሩ መነሻ ተሳቢው የተሠራበት መንገድ ነው። በየከተማው ያሉ ብየዳ ቤቶች የሚሠሯቸው የትራክተር ተሳቢዎች የኋላ መብራት ካላቸው የሚገጠምላቸው ከኋላ በር ሥር፣ ከሻንሲው ጫፍ ላይ ነው። አሸዋ፣ ድንጋይ ወይም ማዳበሪያ ለሚጭን ሰው ይህ ቦታ ስህተት የለበትም፤ ጭነቱ ከስፖንዳው አያልፍምና። የገበሬ ጭነት ግን ሌላ ነው። ጭድና ድርቆሽ ክብደታቸው ትንሽ፣ የሚይዙት ቦታ ሰፊ ነው። አንድ ጉዞ እንዲያዋጣ ወደ ላይም ወደ ጎንም ወደ ኋላም ተርፎ ይጫናል። ስለዚህ መብራቱ በጣም በሚያስፈልግበት ወቅት፣ ማለትም መከር ተሰብስቦ መንገዱ በተሳቢ በሚሞላበት ጊዜ፣ ከጭነቱ ሥር ይቀበራል። ጭነት በሌለበት ቀን ደግሞ የእርሻ ጭቃና አቧራ ይለብሰዋል።

ነገሩ የትራክተር ብቻ አይደለም። ድርቆሽ ወይም ጭድ ጭኖ ወደ ከተማ የሚጓዝ አይሱዙን ከኋላው ሆኖ ያየ ሰው፣ የሚታየው ተንቀሳቃሽ ክምር እንጂ መኪና እንዳልሆነ ያውቃል። ታርጋውም፣ ፍሬቻውም፣ የፍሬን መብራቱም ከክምሩ ሥር ናቸው። ሸራ የሚያለብሱትም ቢሆኑ የሸራውን ጫፍ ከኋላ ሲያስሩ መብራቱን አብረው ይሸፍኑታል።

እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ጭነት የፍሬን መብራትን፣ ፍሬቻን፣ አንጸባራቂንና የታርጋ ቁጥርን መሸፈን እንደሌለበት በግልጽ ይደነግጋል። ከተሽከርካሪው ጫፍ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ኋላ የተረፈ ጭነትም ምልክት እንዲደረግበት ያዛል። ድንጋጌው የተጻፈው ለሕግ ሰዎች ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ለማንኛውም ሾፌር ግልጽ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሰው ከፊቱ ያለው ምን እንደሚያስብ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።

ስሌቱን መሥራት አያስቸግርም። ጭነት የሚጎትት ትራክተር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጓዝ እንበል። ከኋላው የሚመጣው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በየሰከንዱ ወደ 17 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ሾፌሩ ትራክተሩን በ100 ሜትር ርቀት ላይ ካየው ስድስት ሰከንድ አለው። በራሱ የፊት መብራት ጭዱን በ40 ሜትር ላይ ካየው ግን ከሁለት ሰከንድ ተኩል የበለጠ ጊዜ የለውም። የሰው ልጅ ያየውን ተረድቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ወይም አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። ፍሬኑ ደህና የሆነ የጭነት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍጥነቱን ወደ ትራክተሩ ፍጥነት ለማውረድ፣ ሾፌሩ የሚያስብበት ጊዜ ተጨምሮ፣ በሁለቱ መካከል 50 ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል። በ40 ሜትር ላይ ያየ ሾፌር ያለው ምርጫ ወደ ግራ መጣስ ብቻ ነው። ከፊት ለፊት ሌላ መኪና እየመጣ ከሆነ ያ ምርጫም የለም።

እዚህ ላይ የኋላ መብራትና የፍሬን መብራት ሁለት የተለያዩ መልእክቶች መሆናቸውን መለየት ይገባል። ደብዘዝ ብሎ ሁልጊዜ የሚበራው የኋላ መብራት እዚህ አለሁ ይላል። ደምቆ የሚበራው የፍሬን መብራት ፍጥነቴን እየቀነስኩ ነው ይላል። ለትራክተር ሁለተኛው መልእክት ከሌሎች ተሽከርካሪዎች ይልቅ ይከብዳል። ትራክተር ከአስፋልት የሚወጣው በመስቀለኛ መንገድ ሳይሆን ማንም እንግዳ ሾፌር በማይጠብቀው የእርሻ መግቢያ ላይ ነው። መግቢያው በግራ በኩል ከሆነ አደጋው ይበረታል። ትራክተሩ ዘግየት ሲል ከኋላ ያለው ሾፌር ዕድል አገኘሁ ብሎ ለመቅደም ወደ ግራ ይወጣል፤ ልክ በዚያው ቅጽበት ትራክተሩም ወደ ግራ ይታጠፋል። ስለዚህ የፍሬን መብራት ሲጨመር ፍሬቻውም አብሮ ከፍ ቢል ሥራው የተሟላ ይሆናል።

ከሌሎቹ መብራቶች ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ተጨማሪ የፍሬን መብራት ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ጆን ቮቮድስኪ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሚሠሩ 343 ታክሲዎች ላይ ከኋላ በመሃል አንድ ተጨማሪ መብራት አስገጠሙ። መብራቱ ካልተገጠመላቸው ታክሲዎች ጋር ሲነጻጸሩ ከኋላ የመገጨት አደጋ 60 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ሌሎች ሙከራዎች ተከትለው አገሪቱ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ፣ ከ1994 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በፒክአፕና በሌሎች ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ ሦስተኛውን የፍሬን መብራት ግዴታ አደረገች። ሁሉም መኪና ካገኘውና የሾፌሮች ዓይን ከለመደው በኋላ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ በ1998 ባወጣው ግምገማ ግን ጥቅሙ ወደ 4.3 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል።

ከ60 ወደ 4.3 መውረዱ መብራቱ ተአምር እንዳልሆነ ያሳያል። ይሁንና የእነዚያ መኪናዎች ሁለቱ መደበኛ መብራቶች ድሮም በግልጽ ይታዩ ነበር፤ ሦስተኛው የጨመረው በነበረው ላይ ነው። በጭድ የተሸፈነ ተሳቢ ላይ የሚገጠም ከፍ ያለ መብራት ግን ሦስተኛ ሳይሆን የመጀመሪያው ነው። ለጉዳዩ የሚቀርበው ምሳሌ እዚያው አሜሪካ የሚገኙ የፒክአፕ ባለቤቶች ናቸው። በመኪናቸው የጭነት ቦታ ላይ የመኝታ ክፍል የምታህል ቤት ጭነው ይጓዛሉ። ቤቲቱ ስትጫን ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ሦስተኛ መብራት ትሸፍነዋለች። በመሆኑም ብዙዎቹ ከቤቲቱ ጀርባ ከፍ አድርገው ሌላ የፍሬን መብራት ይጨምራሉ። የእነሱ ጭነት መኝታ ነው፤ የሉማሜው ጭድ ነው። መብራቱ የሚሸፈንበት ምክንያት ግን አንድ ነው።

የትራክተሩ ባለቤት ጭነቱን ካራገፉ በኋላ ባዶውን ተሳቢ ይዘው ደብረ ማርቆስ ከተማ ለረጅም ዓመታት በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ወደቆዩ ባለሙያ ሄዱ። ባለሙያው ሥራውን የጀመሩት ከሽቦ ሳይሆን ከጥያቄ ነው። ተሳቢው ሲጫን ከፍታው ስንት ይደርሳል? ጭድ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ይጫናል? ሲራገፍ የኋላ በሩ ወዴት ይከፈታል? ብዙ ሰው መብራት ግጠምልኝ ብሎ ሲመጣ የት እንደሚገጠም አያስብም፤ ባዶ ተሳቢ ላይ አምሮ የተገጠመ መብራት በመጀመሪያው ጭነት ይሰበራል ወይም ይሸፈናል ይላሉ።

የተስማሙበት መፍትሔ ቀላል ነበር። ከተሳቢው የኋላ ግራ ማዕዘን ላይ ቱቦ ብረት ተበየደ። በውስጡ ወጣ ገባ የሚል ቀጭን ቱቦ ገባበት፤ እንደ ጭነቱ ከፍታ እየተሳበ በቡሎን ይጠብቃል። ከጫፉ ላይ በላሜራ የተከለለ ቀይ የኤል ኢ ዲ መብራት ታሰረ። ጭነት በሌለ ጊዜ ቱቦው ወርዶ ይቀመጣል። መብራቱ በግራ በኩል እንዲሆን የተደረገው ለመቅደም ወጣ ብሎ የሚያይ ሾፌር ቀድሞ የሚያገኘው ያንን ጎን ስለሆነ ነው። በቀኝ በኩልም ጥንዱ ቢኖር የተሳቢው ስፋት በሌሊት እንደሚታወቅ ባለሙያው አስረድተዋል፤ ባለቤቱ ለጊዜው በአንዱ ረኩ።

ኤል ኢ ዲ የተመረጠው ለድምቀቱ ብቻ አይደለም። ተራው አምፖል ውስጡ ያለው ክር ግሎ እስኪደምቅ የሰከንድ አምስተኛ ያህል ይዘገያል፤ ኤል ኢ ዲ ወዲያው ይበራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሾፌር ይህ ልዩነት ከአራት ሜትር በላይ ነው። ለገበሬው ግን ትልቁ ምክንያት ሙቀት ነው። የፍሬን አምፖል 21 ዋት ይወስዳል፤ ፍሬን ተይዞ ሲቆይ መስታወቱ ይግላል። ደረቅ ጭድ ተጠግቶት የሚውል ከሆነ የእሳት ሥጋት አለው። የተላጠ ሽቦም እንዲሁ ነው። ባለሙያው በዚህ ላይ ጥብቅ ናቸው። ጭድ በሚጫንበት ተሳቢ ላይ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አይተዉም፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ተበይዶ ይሸፈናል፣ ሽቦው በሙሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ በየመንገዱም ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። የጠጠር መንገድ ንዝረት ያልታሰረ ሽቦን በአንድ ወቅት ውስጥ ልጦ ይጨርሰዋል። ተሳቢው ክረምቱን ቆሞ ሲከርም ደግሞ አይጥ አለ።

ኃይሉ የሚወሰደው ከፍሬን መርገጫው ስዊች በኋላ ካለው ሽቦ ነው። ትራክተሩ ከተሳቢው ጋር የሚገናኝበት ሰባት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ካለ ሥራው ይቀላል፤ በዓለም አቀፉ አሠራር የፍሬን መብራት ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ሲሆን ሽቦውም ቀይ ነው። ሆኖም በየጋራዡ ሲጠገን የኖረ ትራክተር ላይ ቀለምን ማመን አይቻልም። አንድ ሰው ፍሬን ሲይዝ ሌላው በመሞከሪያ አምፖል ይፈልጋል። ፊውዝ የግድ ያስፈልጋል። ተራ አምፖል የሚጨመር ከሆነ ሪሌም ያስፈልጋል፤ በ12 ቮልት ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች 3.5 አምፔር ይወስዳሉ፣ ሌላ ሁለት ሲጨመር 7 አምፔር ይደርሳል፤ አሮጌ የፍሬን ስዊች ይህን አይሸከምም። የኤል ኢ ዲ ፍጆታ ግን የአንድ አምፔር ክፋይ በመሆኑ ስዊቹን አያስቸግርም።

ቮልቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትራክተር በ12 ቮልት ይሠራል፤ አብዛኞቹ የጭነት አይሱዙዎች በ24 ቮልት ይሠራሉ። ከትራክተር የተነቀለ የ12 ቮልት አምፖል አይሱዙ ላይ ሲገጠም ወዲያው ይቃጠላል፤ ሰውየውም ስህተቱን ያውቃል። የ24 ቮልቱ ትራክተር ላይ ሲገጠም ግን ደብዝዞ ይበራል። በርቷል ተብሎ ይታለፋል፤ ከ20 ሜትር በኋላ ግን አይታይም። የባሰው ይኼኛው ነው።

ሌላው የተለመደ ብልሽት የመመለሻው ሽቦ ነው። ብዙዎች አንዱን ሽቦ ብቻ ስበው መመለሻውን ለተሳቢው ብረት ይተዉታል። ተሳቢው ከትራክተሩ ጋር የሚገናኘው ግን በሚንቀሳቀስ፣ በቅባትና በዝገት በተሸፈነ መሳቢያ ነው። መብራቱ ቆሞ ሲፈተሽ ይበራል፤ መንገድ ላይ በየጉድጓዱ ብልጭ ድርግም ይላል። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው የሚደበዝዝበት ወይም የኋላ መብራቱ የሚጠፋበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የመመለሻው ሽቦ ራሱን ችሎ ከመብራቱ እስከ ሶኬቱ ከተሳበ ይህ ሁሉ ይቀራል። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው።

መብራቱን ከኋላ መብራቱ ጋር አገናኝቶ ሁልጊዜ እንዲበራ ማድረግም የሚታይ ስህተት ነው። ባለቤቱ ደምቆ ስለሚታይ ይደሰታል። ከኋላ ያለው ሾፌር ግን ትራክተሩ ሁልጊዜ ፍሬን የያዘ ስለሚመስለው እውነተኛው ፍሬን ሲያዝ የሚለይበት ነገር ያጣል። ከዚህ የከፋው ሰብል በሌሊት ሲሠራ እርሻውን ለማየት የሚበራው ነጭ የኋላ መብራት አስፋልት ላይ ሳይጠፋ መቅረቱ ነው። አንዳንድ ትራክተረኞች ያስታየኛል ብለው አውቀው ይተዉታል። ነጩ ብርሃን የሚከተለውን ሾፌር ዓይን ያጭበረብራል፤ አጠገቡ ያለውን ቀይ መብራትም ይውጠዋል። ከፊት የሚመጣ ተሽከርካሪ ነው ብሎ የሚሳሳትም አይጠፋም።

የጭነት መኪና ሾፌሮችን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል የሚወርድ የተጫነ አይሱዙ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽና የጭስ ማውጫውን በሚያፍነው የሞተር ፍሬን ይጠቀማል። ትክክለኛው አነዳድም ይኸው ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ግን የሞተር ፍሬኑ የፍሬን መብራቱን አያበራም። መኪናው ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንስ ከኋላው ያለው ሰው ምንም ምልክት አያይም። ከፍ ያለ ተጨማሪ መብራት ቢኖርም የእግር ፍሬኑ ካልተነካ አይበራም። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች በመስታወታቸው ሌላ መኪና ሲጠጋቸው የእግር ፍሬኑን መብራቱን በሚያበራ መጠን ብቻ ነካ ነካ ያደርጉታል። ትራክተርም በማርሽና በጋዝ ብቻ ስለሚዘገይ ይህ ልማድ ለትራክተረኛም ይበጃል።

ወጪው ከባድ የሚባል አይደለም። መብራቱ፣ ሽቦው፣ ቱቦውና የብየዳ ዋጋው ተደምሮ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል። የሚከብደው ቀኑ ነው። በመከር ወቅት የትራክተር አንድ ቀን ጋራዥ መዋል ማለት ዝናብ ሳይመጣ ጭነቱን ልጨርስ ብሎ የሚጠብቅ ገበሬን ማስቆም ነው። የትራክተሩ ባለቤት ራሳቸው ወረፋ የያዙ አምስት ደንበኞች ጥለው ነው የመጡት፤ ከመካከላቸው አንዱ ቆይታቸው ስላበሳጨው ሌላ ትራክተር መፈለግ ጀምሯል። ሥራው ክረምት ላይ፣ ተሳቢው ቆሞ ሳለ ቢሠራ ኖሮ ይህ አይገጥማቸውም ነበር። ክረምት ላይ ግን ስለ ጭድ የሚያስብ የለም።

ተሳቢው የማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። ትራክተሩ የአንዱ፣ ተሳቢው የሌላው፣ ጭነቱ የሦስተኛው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የትራክተሩ ባለቤት በተሳቢው ላይ ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም፤ ነገ ሌላ ሰው ይጎትተዋልና። የተሳቢው ባለቤት መብራት የትራክተር ጉዳይ ነው ይላል። ጭነቱን የሚያስጭነው ገበሬ ደግሞ ከሥሩ ምን እንደተሸፈነ አይመለከትም። ትራክተርና ተሳቢ ለአባሎቻቸው የሚያከራዩ የገበሬዎች ማኅበራትና ዩኒየኖች በኪራይ ውላቸው ላይ ተሳቢው ተጭኖ ሳለ የሚታይ መብራት እንዲኖረው የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩ ከየግለሰቡ ጋር ከመሟገት ይሻላል። ማንም ባይጠይቀው መብራቱን የሚገጥመው ከሞት የተረፈ ሰው ብቻ ይሆናል።

ባትሪ ለሌለው የፈረስና የበሬ ጋሪ ይህ ሁሉ አይሠራም። ለእነሱ አንጸባራቂ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእርሻ መሐንዲስ የነበሩት ኬን ሃርክነስ ለትራክተርና ለጋሪ ብለው የፈጠሩት ሦስት ማዕዘን ምልክት ዛሬ በብዙ አገሮች ቀስ ብሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ መለያ ሆኗል። መሃሉ ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ቀይ አንጸባራቂ ነው። ቀን በቀለሙ፣ ሌሊት በጠርዙ ይታያል፤ ሽቦም ፊውዝም አይፈልግም። ለትራክተርም ቢሆን መብራቱ የተበላሸ ዕለት የሚቀረው እሱ ነው። ችግሩ እሱም ከጭዱ ሥር ከተቀመጠ አለመታየቱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራው ሲያልቅ 11 ሰዓት ሆኗል። ባለሙያው ፍሬን እንዲያዝ ጠየቁ፤ መብራቱ በራ። ከዚያ በግራው መርገጫ ብቻ እንዲይዙ ጠየቁ። አልበራም።

ትራክተር ሁለት የፍሬን መርገጫ አለው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ የኋላ ጎማ። እርሻ ላይ በትልሙ ጫፍ አጥብቆ ለመዞር ለየብቻ ይረገጣሉ። አስፋልት ላይ ግን በማያያዣው አንድ ላይ መቆለፍ አለባቸው፤ አለበለዚያ በፍጥነት ላይ አንዱ ብቻ ሲያዝ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ ሊገለበጥም ይችላል። በዚህ ትራክተር ላይ የመብራቱ ስዊች ያለው በቀኙ መርገጫ ብቻ ነበር። ማያያዣው ደግሞ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ዝጓል። ባለቤቱ ሁለቱንም በአንድ ጫማ ስለምረግጣቸው ችግር የለውም ብለው ተከራከሩ። ባለሙያው አልመለሱላቸውም፤ መዶሻና ዘይት አምጥተው ማያያዣውን ማላቀቅ ጀመሩ። መርገጫዎቹ ሲቆለፉ በየትኛውም በኩል ቢረገጥ መብራቱ ይበራል።

በማግስቱ ማታ ትራክተሩ በዚያው የጠጠር መንገድ መጨረሻ ላይ ቆሟል። ጭዱ ከትናንት በስቲያው አያንስም። ቱቦው ተስቦ ከክምሩ በላይ ወጥቷል። ረዳቱ በዚህ ጊዜ 100 እርምጃ ያህል ቆጥሮ ወደ ኋላ ሄደ። ባለቤቱ ፍሬን ያዙ።

“በራ!” አለ ወጣቱ።

ለቀቁና ደግመው ያዙ። መልስ የለም። ሦስተኛ ጊዜ ያዙ። ወጣቱ ወደ ክምሩ አናት እየጠቆመ እየሮጠ መጣ። የተከለከሉት ሁለቱ የቀን ሠራተኞች የሚመለሱበት ሌላ መጓጓዣ ባለማግኘታቸው እንደገና ጭዱ ላይ ወጥተዋል። አንደኛው ለመደገፊያ የተመቸውን አዲሱን ቱቦ አቅፎ ተቀምጧል። ነፋሱ የጋቢውን ጫፍ አንስቶ መብራቱ ላይ ጥሎታል።

“ጋቢህን ሰብስብ!” ብሎ ጮኸበት ረዳቱ።

ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ጋቢውን ሰበሰበ። ባለቤቱ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ሁለቱንም ከጭዱ ላይ አስወረዷቸው። ትንሽ ቆይቶ ከጠጠሩ መንገድ የመጣ ባጃጅ ቆመ፤ ሒሳቡን የትራክተሩ ባለቤት ከፈሉ።